ተጋባዥ ድምፃውያን ያሉባቸው ስድስት የኢንዲ ሮክ አልበሞች፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

አንድ የኢንዲ ሮክ (ከታላላቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጪ በነጻነት የሚሠራ ሮክ) ባንድ አዲስ አልበም ሊያወጣ ሲል ከዘፈኖቹ ቀድሞ የሚናፈሰው የተጋባዦቹ ስም ነው። እገሌ ዘፍኖበታል፣ እገሊት አለችበት ይባላል። አድማጩ የሚወደውን ስም ይዞ አልበሙን ይከፍትና ጆሮውን ጥሎ ይጠብቃል። የሚወደው ድምፅ ግን ከዋናው ዘፋኝ ጀርባ ሁለት ስንኝ አንሾካሹኮ ያልፋል። ቅር ቢሰኝ አይፈረድበትም። ሆኖም ተጋባዥ ያለበትን አልበም ሁሉ የገበያ ዘዴ ነው ብሎ ማለፍ ብዙ ነገር ያስቀራል፤ ያለ ተጋባዦቻቸው ፈጽሞ ሊኖሩ የማይችሉ፣ ተደጋግመው ቢሰሙ የማይሰለቹ ሥራዎች አሉና።

እዚህ ስድስቱን አነጻጽራለሁ። የመጀመሪያው በ1984፣ የመጨረሻው በ2023 የወጡ ናቸው፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የምለካቸው ተጋባዡ በዘፈኑ ውስጥ በቆመበት ቦታ ነው። ከፊት ነው? ከዘፈኑ ባለቤት ጎን ነው? ወይስ ከኋላ ሆኖ ይቀበላል? ሦስቱም ቦታዎች የየራሳቸው ውበት አላቸው። ቅሬታ የሚመጣው አንዱን ፈልገው ሌላውን ሲያገኙ ነው።

አንድ ባንድ፣ ሁለት ዓይነት ግብዣ

ልዩነቱን ለማየት ከዘ ናሽናል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ይህ የአሜሪካ ባንድ በአራት ዓመት ልዩነት ተጋባዥ የበዛባቸው ሁለት አልበሞች አውጥቷል፤ አሠራራቸው ግን የተለያየ ነው።

በ2023 የወጣው «ፈርስት ቱ ፔጅስ ኦፍ ፍራንከንስታይን» 11 ዘፈኖች አሉት። ተጋባዥ ያለባቸው አራቱ ናቸው። ሱፍያን ስቲቨንስ በመክፈቻው ዘፈን፣ ፊቢ ብሪጀርስ በሁለት ዘፈኖች፣ ቴይለር ስዊፍት ደግሞ በ«ዘ አልኮት» ላይ አሉ። ስማቸው ከዘፈኑ ርዕስ አጠገብ ተጽፏል። ሰው ይህን አይቶ ሦስቱን እኩል ቢጠብቅ አያስደንቅም። አልበሙ ሲሰማ ግን ስቲቨንስ በጭንቅ ይለያል፤ ከፒያኖው ጋር ተዋሕዶ ከዋናው ድምፅ ኋላ እንደ ጥላ ይከተላል። ብሪጀርስም ብቻዋን ወጥታ የምትዘፍንበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል፤ የባንዱ ዋና ድምፃዊ ማት በርኒንገር የሚለውን ከላይ በቀጭኑ ትደግፋለች።

ይህ እንደ ጉድለት ሲቆጠርባቸው ሰምቻለሁ። እኔ አልስማማም። አልበሙ የተሠራው በርኒንገር በድባቴ ውስጥ አልፎ፣ ግጥም መጻፍ አቅቶት ከቆየ በኋላ ነው። የብቸኛ ሰው አልበም ነው። ከኋላው የሚሰማው የብሪጀርስ ድምፅ አጠገቡ ዝም ብሎ የተቀመጠ ወዳጅ እንዳለ ያስታውቃል፤ ከዚያ በላይ ቢጎላ ብቸኝነቱን ያፈርሰው ነበር። የብሪጀርስ ወዳጅ ሆነህ እሷን ፍለጋ ከሄድክ ግን ታዝናለህ፤ አስቀድመህ ብታውቀው ይሻላል።

«ዘ አልኮት» ግን ከእነዚህ ይለያል። ስዊፍት የዘፈኑ ጸሐፊም ናት፤ የራሷን ስንኞች ራሷ ጽፋለች። በርኒንገር በወፍራም ድምፁ ስለ አንድ ቀጠሮ ይተርካል፤ እሱ ገና ስንኙን ሳይጨርስ እሷ መልሷን ታስገባለች። ሁለት ሰዎች ተራ ጠብቀው ሲነጋገሩ የሚሰማውን ሥርዓት አትጠብቅ፤ አንዱ የሌላውን ቃል ከአፉ የሚነጥቅበት፣ ረጅም ጊዜ የተዋወቁ ሰዎች ጭውውት ነው። በአልበሙ ውስጥ ተጋባዥ ከጎን የቆመው እዚህ ብቻ ነው፤ ከአራቱም የሚበልጠው ይኸው ነው።

አሁን ወደ 2019 እንመለስ። «አይ አም ኢዚ ቱ ፋይንድ» 16 ዘፈኖች ያሉት፣ ከአንድ ሰዓት የሚያልፍ አልበም ነው። በውስጡ ጌይል አን ዶርሲ፣ ሊሳ ሃኒጋን፣ ሻሮን ቫን ኤተን፣ ኬት ስቴብልስ፣ ሚና ቲንድል፣ ኢቭ ኦወን እና ብሩክሊን ዩዝ ኮረስ የተባለው የወጣቶች ኅብረት ዘፍነዋል። ከርዕሶቹ አጠገብ ግን የአንዳቸውም ስም አልተጻፈም። ዝርዝሩን ለማግኘት የአልበሙን የባለሙያዎች ዝርዝር መክፈት ያስፈልጋል። ልብ በል፤ ስማቸው በርዕሱ ላይ በተጻፈው አልበም ተጋባዦቹ በአብዛኛው ያንሾካሹካሉ፣ ስማቸው ባልተጻፈው ግን አልበሙን ይዘው ይሄዳሉ።

የመጀመሪያውን ዘፈን «ዩ ሃድ ዩር ሶል ዊዝ ዩ»ን ከከፈትክ ጉዳዩ ወዲያው ይገለጥልሃል። ዘፈኑ በተቆራረጠ ጊታር ይጀምራል፤ ከበሮው ይጣደፋል፤ በርኒንገር እንደ ልማዱ በወፍራሙ ይዘፍናል። የዘ ናሽናል አድማጭ የሚያውቀው መንገድ ነው። ከዚያ ዘፈኑ አጋማሹ አካባቢ ሲደርስ ጥድፊያው ይረግባል፣ የክር መሣሪያዎቹ ቦታ ያገኛሉ፣ ዶርሲም ትገባለች። አትቀበለውም፤ አታጅበውም። የራሷን ቃል ይዛ፣ በራሷ ጊዜ ትዘፍናለች። በርኒንገር ሲያወራለት የነበረው ሰው ዞሮ መናገር የጀመረ ያህል ነው። ዶርሲ ለረጅም ዓመታት የዴቪድ ቦዊ የቤዝ ተጫዋች የነበረች ሙዚቀኛ ናት፤ ድምፅዋ ሙሉና የተረጋጋ ነው፤ ዘፈኑን ለመቀማት አትጣደፍም። እኔ ተጋባዥ ድምፃዊ ምን ማድረግ እንደሚችል ለሚጠይቀኝ ሰው ይህንን ዘፈን አስቀድማለሁ።

ምክንያቱም ከላይ የተለጠፈ አይደለም። በርኒንገር ግጥም ሲጽፍ ከሚስቱ ከካሪን ቤሰር ጋር ይሠራል፤ በዘፈኖቹ ውስጥ የሚናገረው የአንድ ወንድ አንደበት ብቻ አይደለም ማለት ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ማይክ ሚልስ ደግሞ ከአልበሙ ጋር ተጓዳኝ አጭር ፊልም ሠርቶ፣ አልበሙንም በአዘጋጅነት አግዟል። ፊልሙ አሊሲያ ቪካንደር የምትሠራበት፣ የአንዲት ሴትን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት የሚከተል ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ በአንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ አይነገርም።

ጉድለትም አለበት። ርዝመቱ ይከብዳል። የወጣቶቹ ኅብረት የሚዘፍናቸው አጫጭር ማሸጋገሪያዎች ከፊልሙ ጋር ሲሆኑ ውብ ናቸው፤ ብቻቸውን ሲሰሙ ግን ጉዞውን ያዘገዩታል። «ኖት ኢን ካንሳስ» ከ6 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ በርኒንገር ትዝታውን እየዘረዘረ ይቀጥላል፣ ሴቶቹ በመሐል ገብተው ያሳርፉታል። እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ ችኩል አድማጭ ግን እዚያ ላይ ትቶ ሊወጣ ይችላል። እንደ እኔ ፍርድ ከሁለቱ አልበሞች የ2019ኙ ይበልጣል፣ የ2023ቱ ግን ለመጀመር ይቀላል።

በአንድ አልበም ሦስቱም ቦታዎች

የዘ ናሽናሉ አሮን ደስነር እና የቦን ኢቬሩ ጀስቲን ቨርነን ቢግ ሬድ ማሺን በሚል ስም በ2021 «ሃው ሎንግ ዱ ዩ ቲንክ ኢትስ ጎና ላስት» የተባለ 15 ዘፈኖች ያሉት አልበም አውጥተዋል። የተጋባዦቹ ዝርዝር ከስድስቱ ሁሉ ለማስታወቂያ የሚመች ነው፤ ቴይለር ስዊፍት፣ አናይስ ሚቼል፣ ፍሊት ፎክስስ፣ ሻሮን ቫን ኤተን፣ ሊሳ ሃኒጋን፣ ሌሎችም።

እዚህ ላይ የቦታን ጉዳይ በጆሮ ለመለየት ሁለት ዘፈኖችን አከታትለህ ስማ። «በርች» እና «ሬኔጌድ» በአልበሙ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው፤ በሁለቱም ስዊፍት አለች። በ«በርች» ቨርነን መሪ ነው፣ እሷ ከኋላ ታጅባለች። በ«ሬኔጌድ» ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ እሷ መሪ ናት፣ ቨርነን ደግሞ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ይቀበላል። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የሚሰማህ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። «በርች» የባንዱ ዘፈን ነው፤ «ሬኔጌድ» ግን የባለቤቶቹ ስም ባይጻፍበት የስዊፍት ነው ብለህ በቀላሉ ታምናለህ። ብዙ ሰው «ሬኔጌድ»ን ይመርጣል። እኔ ግን «በርች»ን እመርጣለሁ፤ ሁለቱ ድምፆች አንድ ላይ ሲሄዱ የማን እንደሆነ የማይለይ ሦስተኛ ድምፅ ይፈጠራል፣ ይህም በአንድ ዘፋኝ ሊገኝ የማይችል ነገር ነው።

«ፊኒክስ» ደግሞ በመካከላቸው ያለ ነው፤ የፍሊት ፎክስሱ ሮቢን ፔክኖልድና ቨርነን ይቀባበላሉ፣ ሚቼልም ታክልበታለች። ከአልበሙ በጣም ሙሉ የሆነው ይኸው ይመስለኛል።

ችግሩ እንግዳው መብዛቱ ነው። በየዘፈኑ አዲስ ድምፅ ሲመጣ ባለቤቶቹ ይጠፋሉ፤ አጋማሹን ካለፍክ በኋላ የማን አልበም እየሰማህ እንደሆነ ትጠራጠራለህ። የሚያተርፈው ደስነር ራሱ የዘፈናቸው ጥቂት ዘፈኖች ናቸው። ብዙ ዘፍኖ የማያውቅ ሰው ነው፤ ለመንታ ወንድሙ ለብራይስ የዘፈነው «ብራይሲ» ግን ያን ሁሉ ታላላቅ ድምፅ ካሰለፈው አልበም ውስጥ በልብ የሚቀር ነው። ተጋባዥ የበዛበትን አልበም ስትመዝን ተጋባዥ የሌለባቸውን ዘፈኖች ማየትም ግድ የሚለው ለዚህ ነው።

ባለቤቱ ቦታውን ለተጋባዦች የሚተውባቸው

እስካሁን ያየናቸው ባለቤቶች ይዘፍናሉ፤ ቦታ የሚያካፍሉት ከራሳቸው ነው። ባለቤቱ አንድም ቃል ሳይዘፍን ሁሉን ለተጋባዦች የሚተውበት አልበምም አለ፤ የዚህ ዋነኛው «ኢትል ኤንድ ኢን ቲርስ» ነው።

ዲስ ሞርታል ኮይል ባንድ አልነበረም። ፎር ኤዲ የተባለውን የእንግሊዝ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ይመራ የነበረው አይቮ ዋትስ ራስል በድርጅቱ ሥር ያሉትንና ሌሎችን ሙዚቀኞች ሰብስቦ የሠራው ሥራ ነው። እሱ አይዘፍንም። የሠራው ነገር ዘፈን መምረጥ፣ ለዘፈኑ ድምፅ መምረጥ፣ ሁለቱን ማገናኘት ነው። አንዳንዶቹ ዘፈኖች የሌሎች ሰዎች የቆዩ ሥራዎች ናቸው። (ዘ ናሽናልም ከላይ ያነሳኋቸውን ሁለት አልበሞች ያወጣው በዚሁ በፎር ኤዲ ነው።)

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። «ሶንግ ቱ ዘ ሳይረን» ቲም በክሊ በ1970 ያወጣው ዘፈን ነው። በዲስ ሞርታል ኮይል ስም የዘፈነችው የኮክቶ ትዊንስ ድምፃዊት ኤሊዛቤት ፍሬዘር ስትሆን፣ ከእሷ ጋር ያለው የባንድ ጓደኛዋ ሮቢን ጉትሪ በጊታር ብቻ ነው። ከበሮ የለም፤ ቤዝ የለም። ጊታሩ በማስተጋቢያ ተሸፍኖ እንደ ውኃ ይረጋጋል፤ ፍሬዘር ከላዩ ትነሣለች፣ ትወርዳለች፣ አንዳንዱን ቃል አንድ ቦታ ላይ ይዛ ታወዛውዘዋለች። በራሷ ባንድ ውስጥ የምትዘፍናቸው ቃላት ብዙ ጊዜ ትርጉማቸው የማይያዝ ነው፤ እዚህ ግን የሌላ ሰው ግልጽ ግጥም ተሰጥቷት ቃል በቃል ትናገራለች። ግብዣው ያስገኘው ይህን ነው፤ በራሷ ቤት የማታደርገውን ነገር። ዘፈኑ በ1983 በነጠላ ወጥቶ በብሪታንያ የኢንዲ ሰንጠረዥ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቷል።

የቀረው አልበም እንዲህ ሁሉን የሚያስማማ አይደለም። ፍሬዘር የምትዘፍነው ሁለት ዘፈኖች ብቻ ነው። የዴድ ካን ዳንሷ ሊሳ ጄራርድ የገባችባቸው ክፍሎች ለዘፈን ከማለት ለጸሎት የሚቀርቡ ናቸው፤ ሃዋርድ ዴቮቶ የዘፈነው «ሆሎኮስት» የሚያስጨንቅ ጨለማ አለው፤ ድምፅ የሌለባቸው ሙዚቃዎችም አሉ። ሮክ ሲባል የሚጣደፍ ከበሮና ጊታር የሚጠብቅ ሰው እዚህ አያገኝም። ለሌሊት፣ ብቻህን ስትሆን፣ ሳታቋርጥ የምትሰማው አልበም ነው።

በተቀራራቢ መንገድ የተሠራው፣ ግን ፍጹም የተለየ ስሜት ያለው የዘ ሲክስስ «ዋስፕስ ኔስትስ» ነው፤ 1995። ስቴፊን ሜሪት 15ቱንም ዘፈኖች ጽፎ፣ ራሱ ከዘፈነው ከአንዱ በቀር፣ ለየዘፈኑ ሌላ ድምፃዊ መደበለት። ባርባራ ማኒንግ፣ ጆርጂያ ሃብሊ፣ ሉ ባርሎው፣ ዲን ዌርሃም እና ሌሎችም በዘመኑ የአሜሪካ ኢንዲ ውስጥ የሚታወቁ ሰዎች አሉበት። ዜማዎቹ አጫጭርና ደስ የሚሉ፣ ግጥሞቹ ግን አሳዛኝ ናቸው። ዘፋኞቹ የማይጮኹ፣ ስሜታቸውን የሚይዙ ስለሆኑ ድምፅ ተለዋወጠ ብለህ አትደነግጥም፤ ሁሉን የሚያያይዘው የጸሐፊው እጅ ነው። ግጥም ለሚወድ፣ ለሚያዳምጥ ሰው እመክረዋለሁ። የድምፅ ኃይል ለሚፈልግ አይሆንም።

ተጋባዥ ወይስ የቤት ሰው?

ብሮክን ሶሻል ሲን ይህን ጥያቄ ያስነሣል። የቶሮንቶው ስብስብ በኬቨን ድሩ እና በብሬንዳን ካኒንግ ተጀምሮ በየጊዜው የሚመጡና የሚሄዱ ብዙ ሙዚቀኞች ያሉበት ሆነ፤ አብዛኞቹ የራሳቸው ባንድ ወይም የራሳቸው ሥራ ያላቸው ናቸው። በ2002 የወጣው «ዩ ፎርጎት ኢት ኢን ፒፕል» በ2003 የካናዳን የጁኖ ሽልማት በአማራጭ ሙዚቃ ዘርፍ አሸንፏል።

የሜትሪኳ ኤሚሊ ሄይንስ የምትዘፍነው «አንተምስ ፎር ኤ ሰቨንቲን ይር ኦልድ ገርል» የሚጀምረው በባንጆ ነው። ድምፅዋ በቴክኒክ ተለውጦ እንደ ልጅ ቀጥኗል፤ ከስልክ መስመር የመጣ ይመስላል። ቃላቱ ጥቂት ናቸው። ያንኑ ስንኝ ትደጋግመዋለች፤ ስትደጋግመው ቫዮሊኑ ይጠጋል፣ ከበሮው ይከተላል፣ የመጀመሪያው ጊዜ ተራ ልመና የነበረው ስንኝ መጨረሻ ላይ ለሄደ ልጅነት የሚለቀስ ለቅሶ ይሆናል። ሌዝሊ ፋይስት ደግሞ በ«ኦልሞስት ክራይምስ» ከድሩ ጋር እየተጯጯኸች ትዘፍናለች፤ በኋላ ለብቻዋ ባወጣቻቸው ሥራዎች የምናውቃት ለስላሳ ዘፋኝ ናት ለማለት ይከብዳል።

ከሌሎቹ የሚለየው ይህ ነው፦ ማንም በክብር እንግድነት የመጣ አይመስልም። ሁሉም ወዳጅ ነው፣ ሁሉም ያጠፋል፣ ሁሉም ያነሣል። ድምፅ የሌለባቸው ሙዚቃዎች በመሐል መግባታቸውም ይረዳል፤ ጆሮ አርፎ ቀጣዩን ድምፅ በጉጉት ይቀበላል። ከስድስቱ መካከል ሮክ የሚለውን ቃል በሙሉ ልብ የምሰጠው ለዚህ አልበም ነው።

እንግዲህ የትኛውን?

ዘ ናሽናልን ጭራሽ ለማያውቅና በተጋባዥ ስም ለተሳበ ሰው በ«ዘ አልኮት» ጀምሮ ወደ «አይ አም ኢዚ ቱ ፋይንድ» መሄድ ይሻላል፤ በተቃራኒው ከሄደ ሁለተኛው ይጎድልበታል። በርኒንገርን ራሱን ለሚወድ የ2023ቱ በቂ ነው። የድምፅ ብዛት የማያደክመው፣ ዘፈን በዘፈን እየመረጠ የሚሰማ ሰው ቢግ ሬድ ማሺንን ይውሰድ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ቁጭታ የሚሰማ ግን ይተወው። በአንድ ቁጭታ የሚሰማ ሰው ዲስ ሞርታል ኮይልን ወይም ብሮክን ሶሻል ሲንን ይምረጥ፤ ምርጫው በሌሊትና በቀን መካከል ነው። ለእኔ አንድ ብቻ አስቀር ብባል ያለ ማመንታት «አይ አም ኢዚ ቱ ፋይንድ»ን ነው፤ ርዝመቱን ይዞም ቢሆን።

ሌላ አዲስ አልበም በተጋባዥ ስም ተሸልሞ ሲመጣስ? ሦስት ዘፈን በማዳመጫ መስማት ይበቃል። አንዱ ዝነኛው ተጋባዥ ያለበት ይሁን፤ ድምፁ መቼ እንደሚገባ፣ ከመሪው እኩል ጎልቶ መሰማቱን ወይም ወደ ዳር መገፋቱን፣ የራሱ ስንኝ ያለው መሆኑን ተከታተል። ሁለተኛው ተጋባዥ የሌለበት ይሁን፤ ባለቤቱ ብቻውን ሲቆም የሚናገረው ነገር ከሌለው ተጋባዥ አያድነውም። ሦስተኛው ስሙን የማታውቀው ተጋባዥ የዘፈነበት ይሁን። ዝነኛውን የጠራው ገበያ ሊሆን ይችላል፤ ያልታወቀውን የጠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘፈኑ ነው።

በዚህ መንገድ የዘ ናሽናልን «ላፍ ትራክ» መሞከር ይቻላል። እንደ «ፈርስት ቱ ፔጅስ ኦፍ ፍራንከንስታይን» በ2023 የወጣ ነው፤ ብሪጀርስ እዚህም አለች፣ ቦን ኢቬርም አለ። ከእነሱ በፊት ግን ሮዛን ካሽ ያለችበትን «ክረምብል»ን ክፈት።